ለቆቦ የሚሆን ኦንላይን

ኮምፒዩተር አውቃለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስሙ የወጣልኝ በአንድ ፕሪንተር ምክንያት ነው። ቆቦ ውስጥ የምሠራበት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ፕሪንተር አንድ ቀን ወረቀት ጎርሶ አልተፋም አለ። የቢሮው ሰው ሁሉ ከበበው። አንዱ ክዳኑን ይመታዋል፣ ሌላው እንደ ታመመ ዘመድ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። እኔ ሻይ ልጠጣ ስወጣ እግሬ ገመዱን ጠለፈውና ከሶኬቱ ተነቀለ። ደንግጬ መልሼ ሰካሁት። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱን ተፋው።

«እንዴት ያለ ሰው ነው!» ተባለልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ሬዲዮ፣ ካውያ፣ የጎረቤት ዲሽ። አንድ የሮቢት ገበሬማ የውሃ ፓምፑን በባጃጅ ጭኖ ደጄ ላይ አራግፎልኛል።

እናም ወጪያችንን የሚሸፍነው የአዲስ አበባ አጋራችን «የመንደር አስተማሪዎቻችሁን ቆቦ ድረስ እየጠራችሁ ማሠልጠኑ ይቅር። በኦንላይን አሠልጥኑ። የሚስማማችሁን ማስተማሪያ ራሳችሁ ምረጡ። ስታስተምሩበት መጥተን እናያለን፤ ካልሆነ ግን ሥልጠናው የሚቀጥል አይመስለንም» ያለ ዕለት፣ በስብሰባው ላይ የነበረው አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ አለህልን!» አሉ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ እቴነሽ።

«ችግር የለም» አልኩ። በዕድሜዬ የገጠመኝ ችግር ሁሉ የጀመረው ችግር የለም ካልኩ በኋላ ነው።

የማኅበራችን ሥራ ትልቅ አይደለም። በቆላው መንደሮች ውስጥ ትንንሽ አፀደ ሕፃናት አሉን፤ እኔ አስተማሪዎቻቸውን አሠለጥናለሁ። ከሁሉም የምትሻለን አስተማሪ ከዋጃ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምታስተምረው ሀዋ ነበረች። ያለፈው ሥልጠና በእርግዝናዋ ላይ ሕመም ተጨምሮ አመለጣት። አሁን ደግሞ አራስ ናት። ይሄኛውም ካመለጣት በማኅበሩ ሕግ መሠረት ማስተማር አትችልም፤ እሷ ካላስተማረች ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ እነዚያ ጉልበቴ ላይ የማይደርሱ ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት ማታ አስፋልቱን ሊሻገሩ ነው። አስፋልቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የጭነት መኪናው ወደ መቀሌ ሲበር የሚያየው ሰማይና ምድሩን እንጂ ልጅ አይደለም።

ሀዋ ሲመሽ ሲመሽ በባሏ ስልክ ከተኛችበት ትደውላለች።

«መምህር፣ መረጡ?»

«እየመረጥኩ ነው።»

«አደራ ቶሎ ይምረጡ። ከክፍሌ ልጆች አንዷ ትናንት መጥታ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ፣ መቼ ነው የምትነሺው ብላኝ ሄደች።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ቀልድ አለ? ላፕቶፑን ከፍቼ «ጥሩ የኦንላይን ማስተማሪያ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝን መዓት ልነግራችሁ አልችልም። እኔ የቆቦ ገበያ ላይ ፍየል ስመርጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፍየል ጥርሷን ታያለህ፣ ወገቧን ትጫናለህ፣ አልወደድኳትም ብለህ ትሄዳለህ። ይሄ ግን ጥርስ የለው፣ ወገብ የለው። ሁሉም ድረ ገጽ ላይ አንዲት ነጭ ሴት ላፕቶፕ ይዛ ትስቃለች። እንደኔ እንደኔ አንዷ ሴት ናት፤ የሁሉም ዘመድ ትሆናለች። ሁሉም ደግሞ «ከዓለም አንደኛ» ይላል። አንድ ሰው እንኳ እኔ ሁለተኛ ነኝ ቢል ኖሮ በታማኝነቱ ብቻ እመርጠው ነበር።

በነፃ ሞክሩ የሚለው ሁሉ ላይ ልመዘገብ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ገና በር ላይ ያዘኝ። ሮቦት አለመሆንህን አስረዳ አለኝ። ማስረጃው ደግሞ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች መምረጥ ነው። የት አይቼ? ቆቦ ላይ ትራፊክን የሚያስቆመው ግመል ነው። ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ያየሁበትን ሁሉ ነካሁ። ተሳስተሃል አለኝ። ቀጥሎ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ምረጥ አለኝ። ቀይ ስለሆነ የጋዝ ሲሊንደር መስሎኝ ዘለልኩት። ተሳስተሃል። ላቤ ላፕቶፑ ላይ ይንጠባጠባል። የቆቦ ሙቀት አንድ ነገር ነው፤ ሰውነትህን ተጠራጥረው ሲመረምሩህ ግን ሌላ ሙቀት ይጨመራል።

ወይዘሮ እቴነሽ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሮቦት አለመሆኔን እያስረዳሁ።»

«እና አላመኑህም?»

«እስካሁን አላመኑኝም።»

ትንሽ አዩኝና «እኔ ልመስክርልህ?» አሉ። የምራቸውን ነበር።

በስንት መከራ ገባሁ። ስገባ ደግሞ የተማሪ ብዛት፣ የካምፓስ ብዛት፣ የተቋሙ ፕሬዚዳንት ስም ይጠይቀኛል። እውነቱን እንዳልጽፍ ቦታው አልተመቸም፤ ባዶ ልተወው ስል አላሳልፍ አለኝ። ካምፓስ በሚለው ላይ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ዋጃ ብዬ ሞላሁ። ፕሬዚዳንት፦ ወይዘሮ እቴነሽ። ባሕር ማዶ ያለ ሚስተር ፒተር የሚባል ሻጭ ይሄን ዩኒቨርሲቲ ሲያይ ምራቁን ሳይውጥ አልቀረም። ወዲያው ጻፈልኝ። ሐሙስ ዕለት በእናንተ አገር ሰዓት በሦስት ሰዓት በቪዲዮ ተገናኝተን ሁሉንም አሳያችኋለሁ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮአችን የሠርግ ቤት መሰለ። ወይዘሮ እቴነሽ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰዋል። ከሮቢት አሥር አለቃ አስፋው በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተዋል። አሥር አለቃ አስፋው ወታደር የነበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ የከበዳቸው፣ አሁን የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። የሮቢት ሕፃናት ሰልፍ አሠላለፍ ለጉድ ነው። ከሁሉ ፊት ላፕቶፑ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ይዞራል።

«ይሄ ነው ሰውዬው?» አሉ አሥር አለቃ።

«አይ፣ እየመጣ ነው ማለቱ ነው።»

አራት ሰዓት ሆነ። ክቡ ይዞራል። አምስት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሕዝቡ ተበተነ፤ እኔም የነጭ ቀጠሮ አክባሪነት ወሬ ነው ብዬ እያማሁ ምሳዬን በላሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንዴቴን ልወጣ ሰይድ ፀጉር ቤት ገባሁ።

ሰይድ የጭንቅላቴን ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊሻገር ሲል ስልኬ ጮኸ። እጄ በጨርቁ ውስጥ ስለተጠቀለለ ሰይድ ራሱ አረንጓዴውን ነካው። ስክሪኑ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ብቅ አለ። ሚስተር ፒተር! ለካ ሰውዬው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ኖሯል፤ ለእነሱ ሦስት ሰዓት ያ ነው።

ሚስተር ፒተር ያየው እንዲህ ነው። ግማሹ የተላጨ፣ ጨርቅ የተጠቀለለበት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ሌላ ሰው ምላጭ ይዞ ቆሟል።

«ደህና ነዎት?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ደህና ነኝ» አልኩት። ሰይድም በምላጩ ሰላምታ ሰጠው። ሚስተር ፒተር ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ከዚያማ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ተነሥቶ ስልኩን ከበበ። ሚስተር ፒተር እንደምንም ራሱን አረጋግቶ ማስተማሪያውን ያሳይ ጀመር። ሜዳልያ አለው፣ ሳንቲም አለው፣ ተማሪው ጎበዝ ሲሆን ርችት ይተኮሳል። የፀጉር ቤቱ ሰው በሙሉ አጨበጨበ።

«ምንድነው የሚሸጠው?» አለ አንዱ።

«ትምህርት» አልኩት።

«ለርችቱ ብቻ ግዛው» አለኝ።

እኔ ግን ሀዋን አሰብኩ። የምትማርበት ስልክ የባሏ ነው። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጠዋት ስልኩን ይዞ ይወጣል፣ ሲመሽ ይዞ ይገባል። መንደራቸው ደግሞ ኔትወርክ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ይሄዳል።

«ኔትወርክ ሳይኖር ይሠራል?» አልኩት ሚስተር ፒተርን።

«ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ማለትዎ ነው?»

«አይ፣ ጭራሽ ሳይኖር።»

ግራ ገባው። «እንዴት ሊሆን ይችላል? ኔትወርክ ለምን አይኖ…» ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሰይድ አተኩሮ አየው። «አሁን ሳይገባው አልቀረም» አለና ወደ ቀኙ ተሻገረ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ ቀለለልኝ። ማንም ከዓለም አንደኛ ነኝ ቢለኝ «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» እለዋለሁ። አብዛኛው እዚያው ይቀራል። በመጨረሻ አንድ ርችትም ሜዳልያም የሌለው፣ መልኩ የማያምር፣ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት በነፃ የሚሰጥ ማስተማሪያ አገኘሁ። ትምህርቱን በድምፅ ትቀዳለህ፤ አስተማሪው ኔትወርክ ባለ ሰዓት ስልኩ ላይ ያወርደዋል፤ ከዚያ በፈለገው ጊዜ ይሰማዋል። የሀዋ ባል ከተሳፋሪ ጋር ዋጃ ሲገባ ያወርድላታል፤ ሲመሽ ትሰማለች። በዚያ ላይ በአማርኛም ይሠራል ይላል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባሏ እስኪገባ ጠብቄ፣ ሲመሽ ሀዋ ዘንድ ደወልኩ።

«መረጥኩ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። ከጎኗ ደግሞ አንድ ወፍራም የሴት ድምፅ «መረጠ? ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱ ሚስት ሊያገባ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁ። አማቷ እማማ ፋጤ ናቸው። ሊያርሷት መጥተው ከአልጋዋ ሥር አልተነሡም።

አማርኛውን የከፈትኩት ግን ከደወልኩ በኋላ ነው። ማን እንደተረጎመው አላውቅም፤ ሰው ባይሆን ነው የሚሻለው። በሩ ላይ፣ ድረ ገጾች «ኩኪስ» የሚሉትን መሆኑ ነው፣ «ብስኩቶችን ትቀበላለህ?» ይላል። አስተማሪዎቹ በሙሉ እንቀበላለን ብለው ነክተዋል፤ ለሳምንት ያህል ብስኩቱ መቼ ይመጣል እያሉ ደወሉልኝ። ተማሪዎች እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ቦታ ደግሞ ቻት ማለቱ ቀርቶ «ጫት» ይላል። ወይዘሮ እቴነሽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጫት ምንድነው?»

«መጨዋወቻ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ማኅበራችን ውስጥ ምን ይሠራል ነው የምልህ!»

ይሄ ሁሉ ግን ከአሥር አለቃ አስፋው ጋር ከገጠመኝ አይበልጥም። የመጀመሪያውን ትምህርት ሰምተው፣ ፈተናውን ሠርተው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ፈተናውን ጨርሻለሁ። ግን መጨረሻው ላይ ይሄ ነገር ምን እያለኝ ነው?»

«ምን ይላል?»

«እጅ ስጥ ይላል።»

ከፍቼ አየሁት። እውነትም መላኪያው ቁልፍ ላይ «እጅ ስጥ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

«አሥር አለቃ፣ ትርጉም ተሳስቶ ነው። ላክ ለማለት ነው። ዝም ብለው ይንኩት።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እጅ ሰጥቼ አላውቅም! ለስልክ ነው አሁን የምሰጠው?»

«ካልነኩት ፈተናዎ አይደርሰኝም።»

«አይድረስ!»

ባጃጅና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሮቢት ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ሕፃናቱን አሰልፈው እያዘመሩ አገኘኋቸው። «እኔ እጅ ስሰጥ እነዚህ ልጆች ያዩኛል» አሉኝ። ተመልሼ ላፕቶፑ ላይ ተተከልኩ። የቃሉ መቀየሪያ የትኛው ጓዳ ውስጥ እንደተደበቀ ለማግኘት ያልነካሁት ነገር የለም፤ በመሃል ማስተማሪያውን በሙሉ ወደ አረብኛ ቀይሬ፣ የቢሮአችን ሙስሊም ሠራተኞች ሁሉ ተጠርተው ነው የመለሱልኝ። በመጨረሻ አገኘሁትና «እባክዎ ይላኩ» ብዬ ጻፍኩበት። አሥር አለቃ ወዲያው ላኩ። «እንዲህ ሲከባበሩ ነው የሚያምረው» የሚል መልእክት ከኋላው መጣ።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ የአጋራችን ተወካይ የምትመጣበት ቀን ደረሰ።

ተወካይዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር የተከለከለበት ይመስላል። ገብታ ተቀመጠች። «የተቀዳውን በኋላ አያለሁ። አሁን እንደተነጋገርነው በቪዲዮ በቀጥታ ስታስተምሩና አስተማሪዎቹ ሲሳተፉ ማየት እፈልጋለሁ። በመሃል በመሃል ጥያቄ አለኝ» አለች። ጥያቄውን ፈራሁት። ምክንያቱም ማስተማሪያው ላይ ያልሠራልኝ ነገር ብዙ ነበር፤ ቢጠየቅ የሚያስፈርድ።

ያን ቀን የሀዋ ባል ሥራውን ትቶ፣ ስልኩን ይዞ፣ ኔትወርክ የሚሻልበት ቦታ ፈልጎ ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀምጧታል። ስክሪኑ ላይ ሀዋ ሕፃኗን ታቅፋ ታየች። ከጎኗ የእማማ ፋጤ ጉልበት ይታያል። አሥር አለቃ ከሮቢት ኮት ለብሰው ቀጥ ብለዋል። ትምህርቱን ጀመርኩ። ርእሱ ከቤቱ ገና የተለየ ሕፃን ክፍል ውስጥ ሲጨነቅ እንዴት እንደምናረጋጋው ነው። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር።

«አንድ ጥያቄ» አለች ተወካይዋ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ስል ዋጃ ላይ ሕፃኑ ጩኸቱን ለቀቀው። ድምፅ ማጉያው ተሰነጠቀ ብል ይሻላል። ተወካይዋ ጆሮዋን ያዘች። ሀዋ ብታባብለው፣ ብታጠባው እምቢ አለ። ያን ጊዜ የእማማ ፋጤ ፊት ስክሪኑን ሞላው።

«አንተ ልጅ! ምን ሆነህ ዝም አልክ? ተናገር!»

«እንዴት?»

«ወላሂ ያላንተ አይተኛም! ሲመሽ ሲመሽ የሚተኛው ባንተ ትምህርት ነው። ተናገር እላለሁ!»

ተናገርኩ። «ሕፃኑ ሲጨነቅ በመጀመሪያ ቁመታችንን ዝቅ አድርገን…» ስል ሕፃኑ ፀጥ አለ። ዓይኑ ተከደነ። እማማ ፋጤ «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ወደ ጉልበትነታቸው ተመለሱ።

ተወካይዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እና ጥያቄዬ…»

ዝም አልኩ። ሕፃኑ ጮኸ። የእማማ ፋጤ ፊት መጣ። «አላልኩህም!»

ወይዘሮ እቴነሽ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ፤ ቀጥል ማለታቸው ነው። ቀጠልኩ። ያዘጋጀሁት ትምህርት አለቀ፤ የሚቀጥለውን ወር ትምህርት ጀመርኩ። እሱም ሲያልቅብኝ የማሽላውን አያያዝ፣ የቆቦን ሙቀት፣ ያገኘሁትን ሁሉ በአሠልጣኝ ድምፅ አወራሁ። አሥር አለቃ ሁሉንም ከልባቸው ይሰማሉ፤ ስለ ማሽላው ሲደርስ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ተወካይዋ ጥያቄዋን ለመጠየቅ አፏን ትከፍታለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ ትዘጋለች። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተቆጣች መስሎኝ ድምፄ ሊጠፋ ሲል አየሁ፤ እየሳቀች ነው። ድምፅ አውጥታ እንዳትስቅ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እንባዋ ይወርዳል።

ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። «ይቺ አስተማሪ አራስ ሆና ሁሉንም ትምህርት ተከታትላለች?»

«ሁሉንም» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ። «ፈተናውንም።»

«አማቷም ተከታትለዋል ማለት ነው።»

«እሳቸው ሳይብሱ አይቀሩም።»

ተወካይዋ እንባዋን ጠረገች። «ሥልጠናው ይቀጥላል» አለች። እኔ ደስታዬን እንኳ ልገልጽ አልቻልኩም፤ ስለ ተባይ ቁጥጥር እየተናገርኩ ነበር።

ሰው በዚህ ዓይነት ሊኮራ ይችላል? እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ከረመ። ያን ሁሉ ትምህርት ቀርጬ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ ውጤቱ ለካ የእንቅልፍ መድኃኒት ኖሯል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁሉ «እስቲ አንድ ትምህርት ላክልኝ» ይለኝ ጀመር።

ሀዋ ክፍሏን የከፈተች ቀን ዋጃ ሄድኩ። አስፋልቱን ሳልሻገር፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችውን ባለቆርቆሮ ክዳን ክፍል አገኘኋት። እማማ ፋጤ በር ላይ ሕፃኑን አዝለው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «በስልኩ ስሰማህ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

ገብቼ ከኋላ በአንዲት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ነካው። ሀዋ አንድ የሚያለቅስ አዲስ ልጅ ፊት በርከክ ብላ፣ ቁመቷን ዝቅ አድርጋ፣ እጁን ይዛ ታናግረዋለች። ቃል በቃል እኔ ያስተማርኩት ትምህርት ነበር። ልጁ ማልቀሱን ትቶ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አጠገቡ ያለችውን ልጅ እጅ ያዘ። ክፍሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይሰማታል። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞርኩ በጭንቀት እከታተላለሁ።

አንድም ልጅ አልተኛም።